«ስንት ሊትር ነው?» ስል የታንከሩን ይነግሩኛል

እስኪ ልተንፍሰው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ግቢያችን ጥግ ላይ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለችኝ። የባጃጅ ቸርኬ፣ የሞተር ሳይክል ሻንሲ፣ የጣና ጀልባ ብረት፣ የዛገ ሁሉ ይመጣል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዓመታት አለፉ። ጥጋጥግ የገባው ዝገት ግን አይለቅም። በላዩ ብትቀባው ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ ይላጣል። ስለዚህ እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ቅንጣት በአየር ግፊት እየረጨ የሚያጸዳውን ሳንድ ብላስት ልገዛ ቆረጥኩ።

መርጫው ርካሽ ነው። ፍዳዬን ያየሁት አየር አምቆ በሚሰጠው ማሽን፣ በኮምፕሬሰሩ ነው። ሦስት ሱቅ ገባሁ። «ስንት ሊትር ነው?» ስል «50!» ይሉኛል። እሱ እኮ የታንከሩ ነው! እኔ የምጠይቀው በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ነው። «ግፊቱ 8 ባር ነው፣ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ነው፣ አትጠራጠር፣ ውሰደው።» አምኜ ወሰድኩት።

ቸርኬ ላይ ጀመርኩ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ግፊቱ ወደቀ። ቆሜ ጠበቅኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ወደቀ። አንድ ቸርኬ ግማሽ ቀን በላ።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። የመርጫው 3 ሚሊ ሜትር የአየር ቀዳዳ በ6 ባር ሲሠራ በደቂቃ ወደ 500 ሊትር አየር ይጨርሳል። ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር በአብዛኛው 200 እንኳ አይሞላም። 50 ሊትሩ ታንከር ከ8 ባር ወደ 6 እስኪወርድ የሚያቀብለው 100 ሊትር ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ነው፤ ቱቦው ጫፍ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል። ከተማችን ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ የሚያምቀውም ያንሳል። ይህን ለገዢ መንገር ምን ይከብዳል?

ክረምት ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። የታመቀው እርጥብ አየር ውሃ ያወጣል፤ የሚረጨው ይረጥብና መርጫውን ይደፍነዋል። ውሃ ማጣሪያ ያስፈልግሃል ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ግን «የግንባታ አሸዋ በወንፊት ነፍተህ ተጠቀም» የሚለው ምክር ነው። ኧረ በፈጣሪ! አሸዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ሲደቅቅ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆንና ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ መዳኛ የለውም። እንግሊዝ እንዲህ ያለውን አሸዋ ለዚህ ሥራ የከለከለችው በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ነው። አፍ ላይ የሚታሰር ሻሽ አያስጥልም። የእኔ ልጆች እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚጫወቱት! በአሸዋ ፋንታ የሚረጩትን ጋርኔት ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ፈልጌ ስንት ሱቅ ዞርኩ፤ «ምንድነው እሱ?» ነው መልሱ።

አሁን ኮምፕሬሰሩ ጎማ ይነፋል፣ ቀለም ይረጫል። ቸርኬዎቹ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ባሕር ዳር ውስጥ በደቂቃ የሚሰጠውን ሊትር በትክክል ነግሮ የሚሸጥ፣ ጋርኔትም ያለው ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።