የፓት ሰሚት ወንበርና የደጋፊው መለኪያ

በአሜሪካ የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የአሰልጣኝነት ወንበር የሚከብድ አለ ብዬ አላምንም። ፓት ሰሚት ከ1974 እስከ 2012 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቡድኑን እየመሩ 1,098 ጨዋታዎችን አሸንፈዋል፤ የአገሪቱንም ዋንጫ 8 ጊዜ አንሥተዋል። ተተኪዎቻቸው ሆሊ ዋርሊክና ኬሊ ሃርፐር ሁለቱም በእርሳቸው ሥር ተጫውተው ያደጉ የቤቱ ልጆች ነበሩ። ዋርሊክ ሦስት ጊዜ ሩብ ፍጻሜ፣ ሃርፐር ደግሞ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች ደርሰዋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በምስጋና የሚቀበሉት ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲው በሚገኝባት በኖክስቪል ከተማ ግን አልበቃም፤ ዋርሊክ በ2019፣ ሃርፐር በ2024 ተሰናበቱ።

ደጋፊው ብዙ መጠበቁን አልነቅፍም። የሴቶች ስፖርት ለረጅም ዘመን የተጎዳው ጠያቂ በማጣት ነውና፣ በሽንፈት ማግስት የሚቆጣ ሕዝብ ያለው ቡድን ዕድለኛ ነው። ቅሬታዬ በመለኪያው ላይ ነው። «የሰሚት ደረጃ» ሲባል የሚታወሱት ዋንጫዎቹ ናቸው፤ የተገኙበት መንገድ ግን ከትዝታው እየወጣ ነው።

የ1997ቱን ዋንጫ እንውሰድ። ያ ቡድን በውድድር ዘመኑ 10 ጊዜ ተሸንፏል፤ ዛሬ ቢሆን ገና ከወቅቱ አጋማሽ ጀምሮ የአሰልጣኟ ስንብት መጠየቁ አይቀርም ነበር። ሆኖም ሰሚት ቡድኑን ሲያስተካክሉ ቆይተው፣ እስከዚያ ድረስ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውን የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሩብ ፍጻሜው 91 ለ 81 ረቱና ዋንጫውን ወሰዱ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ታሚካ ካቺንግስንና ሰሚካ ራንዳልን የመሳሰሉ ፈጣን አዲስ ተጫዋቾች ሲመጡላቸው፣ ዋንጫ ባስገኘላቸው አጨዋወት ላይ ሙጭጭ ሳይሉ፣ ልጆቹን ከነባሯ ኮከብ ከሻሚክ ሆልድስክሎ ጋር አዋሕደው ተጋጣሚውን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እያስጨነቀ የሚሮጥ ቡድን ሠሩ። ያ ቡድን በ1998 ዋንጫውን ያነሣው 39 ጨዋታ አድርጎ ሁሉንም አሸንፎ ነው።

በ2024 ወንበሩን የተረከቡት ኪም ኮልድዌል ከቴነሲ ጋር ቀድሞ ምንም ትስስር አልነበራቸውም። በዌስት ቨርጂኒያ ከሚገኘው ግሌንቪል ስቴት ከተባለ ትንሽ ኮሌጅ ጋር በ2022 የሁለተኛውን ዲቪዚዮን (ከቴነሲ ደረጃ ዝቅ ያለውን የኮሌጆች ውድድር) ዋንጫ ያነሡ፣ የራሳቸው አጨዋወት ያላቸው አሰልጣኝ ናቸው፦ አምስት ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ይቀይራሉ፣ በመላው ሜዳ ጫና ያሳድራሉ፣ ኳሷም ሳትዘገይ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ እንድትወረወር ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ ዓመታቸው ቡድኑ 24 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ የኋላ ኋላ የዓመቱን ዋንጫ የወሰደውን ኮኔቲከትንም በየካቲት 2025 ዓ.ም. 80 ለ 76 ረታ።

ይህ አጨዋወት ድፍረት አለው፤ አደጋም አለው። ኳስ ይዛ መውጣት የምትችል አንዲት ብልህ ተጫዋች ጫናውን ካለፈችው ከኋላ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ሜዳ ላይ ስትቆይ የምትሞቅ ኮከብ ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ወደ ተቀያሪዎች ወንበር መጠራቱ ያቀዘቅዛታል። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ቀይረው ወዲያውኑ መሰለፍ ስለተፈቀደላቸው፣ አሰልጣኝ በየዓመቱ አዲስ ቡድን ሊሠራ ይገደዳል፤ ልጆቹም እርሱ ለነደፈው አጨዋወት የተፈጠሩ ላይሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ የቴነሲ ደጋፊ ከኮልድዌል አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ሰሚት በ1998 ያደረጉትን ነው። ጫናው ተሰብሮ ተጋጣሚው በተደጋጋሚ ከቅርጫቱ ሥር በቀላሉ ሲያስቆጥር፣ ቡድኑን ወደ ራሱ ሜዳ ይመልሱታል ወይ? ሦስተኛው ሩብ ላይ እጇ የሰመረላትን ልጅ የቅያሬው ሰዓት ደረሰ ብለው ያስወጧታል፣ ወይስ ይተዋታል? ብርቱካናማ ለብሶ አዳራሹን የሚሞላው ሕዝብ ከውጤት ሰሌዳው እኩል ይህንን ቢከታተል፣ ቀጣዩን አሰልጣኝ ለማሰናበትም ሆነ ለማቆየት ከዋንጫ ቆጠራ የተሻለ ምክንያት ይኖረዋል።