«ዋይፋይሽ ሙሉ ነው እኮ፣ ሌላ ምን ላድርግልሽ?»

ይችን ይዤ ነው ዛሬ የዋልኩት። ያለኝ የቢሮአችን የኔትወርክ ባለሙያ ነው፣ ያው ሰውዬ። አሁን እንኳ ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

ከሁለት ሳምንት ዕረፍት ዛሬ ሰኞ ተመለስኩ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ስልኬም እንደዚያው እምቢ አለ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ዋይፋዩን አጥፍቼ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገባሁ። ወይ ፍንክች።

ከዚያ ያችን ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፈትኩና አይፒኮንፊግ ብዬ ጻፍኩ፤ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ፣ አይፒ የሚባለውን ቁጥር፣ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። አድራሻዬ 169.254.83.17 ይላል። ጌትዌይ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር፣ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከዕረፍት በፊት አድራሻዬ በ192.168.1 ይጀምር ነበር፤ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ኔትወርክ ስማር ነው የከረምኩት፣ ይሄ ቁጥር ደግሞ አዲስ ሆነብኝ። ሄጄ ጠየቅኩት።

«ይቅርታ፣ አንዴ ታይልኛለህ? አድራሻዬ 169.254 ይላል፣ ልክ አይመስለኝም።»

ስክሪኔን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። «ዋይፋይሽ ሙሉ ነው እኮ፣ ሌላ ምን ላድርግልሽ?»

«ዋይፋዩማ ተገናኝቷል። አይፒ አላገኘም መሰለኝ።»

ወንበሩን ያዞረው እዚህ ጋ ነው። ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ። «እስቲ ሰባቱን የኦኤስአይ ሌየሮች በቅደም ተከተል ንገሪኝና ከዚያ እናወራለን።»

ኦኤስአይ የኔትወርክን ሥራ በሰባት ደረጃ፣ በሰባት ሌየር፣ ከፋፍሎ የሚያሳይ ሞዴል ነው። ሰው ሳቀ። ጀመርኩ፤ ፊዚካል፣ ዳታ ሊንክ፣ ኔትወርክ፣ ትራንስፖርት። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ተምታታብኝ። «አየሽ? መጀመሪያ መሠረቱን ተማሪ። ለአሁኑ ሪስታርት አድርጊው» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ላፕቶፔን እንደ ታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ።

መሠረት! የትኛው መሠረት? ኦኤስአይ እኮ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ማስተማሪያና ማነጻጸሪያ የሆነ ሞዴል ነው። ኢንተርኔት የሚሄደው ቲሲፒ አይፒ በሚባሉት የመነጋገሪያ ደንቦች ነው፤ የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው አርፓኔት ወደዚያ የተሻገረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ነው። እኔ የተምታቱብኝ ሴሽንና ፕሬዘንቴሽን ደግሞ ቲሲፒ አይፒ ላይ ራሳቸውን ችለው የሌሉ ናቸው። ሌየር አይጠቅምም አላልኩም። በጣም ይጠቅማል፣ ግን የሚጠቅመው ችግር ስትፈልግ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት ነው። ኬብሉ ወይ ምልክቱ አለ? አድራሻ ተገኝቷል? ጌትዌዩ ይመልሳል? የድረ ገጹ ስም ወደ ቁጥር ይቀየራል? እኔ የጠየቅኩት ስለ ሦስተኛው ሌየር፣ ስለ አድራሻው ነው፣ እሱ የመለሰልኝ ስለ አንደኛው፣ ስለ ምልክቱ ነው። በገዛ ሌየሩ!

ቁጭ ብዬ ፈልጌ አገኘሁት። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፣ ስሙኝ። ኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ አድራሻ የለውም። ለሁሉም ይጮሃል፤ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ይላል። ዲኤችሲፒ የሚባለው ሰርቨር «ይቺን ውሰድ» ይለዋል። «እሺ፣ ይቺን ልያዝ» ይላል። «ይዘሃል» ይባላል። አራት መልእክት፣ አለቀ። የሚሰጠው ለዘላለም አይደለም፣ በኪራይ ነው፣ ቀን አለው። የሚመልስለት ካጣ ግን ዊንዶውስ ራሱ ለራሱ ከ169.254 የሚጀምር አድራሻ ያወጣል። በዚያ አድራሻ ራውተሩን አልፈህ የትም አትሄድም። ቁጥሩ ራሱ እኮ ይናገራል፤ «ጠየቅኩ፣ መልስ አጣሁ» እያለ ነው። ኮምፒውተሩ በሽታውን ስክሪኑ ላይ ጽፎልኝ ይዤለት ሄድኩ፣ እሱ ሌየር ቁጠሪ አለኝ።

የባሰው ደግሞ ይሄ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። አንድ ጊዜ «ቤቴም ቢሮም አድራሻዬ 192.168.1.55 ነው፣ አይጋጭም ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ፈልጊና አንብቢ» አለኝ። አነበብኩ። ይሄ የምንጠቀምበት የአድራሻ ዓይነት፣ አይፒ ቨርዥን 4፣ ባለ 32 ቢት ስለሆነ በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን አድራሻ ነው ያለው፣ ለዓለም አይበቃም። ስለዚህ ማንም በየግቢው ደጋግሞ የሚጠቀምባቸው ሦስት ክልሎች ተለይተዋል፤ አንዱ በ10 የሚጀምር፣ አንዱ ከ172.16 እስከ 172.31፣ አንዱ 192.168። ወደ ውጭ ሲወጣ ራውተሩ በራሱ አድራሻ ይቀይረዋል። ሁለት ቤት ውስጥ «ሳሎን» የሚባል ክፍል ቢኖር አይጋጭም እንደማለት ነው። ይሄን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ!

ባለፈው ወር ደግሞ «ኢንተርኔት ጠፍቷል» ተብሎ ግማሽ ቀን ተቀመጥን። እኔ 8.8.8.8ን፣ የጉግልን አድራሻ፣ ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ስልክለት፣ ይመልሳል። በስም ስጽፍ ነው እምቢ የሚለው። መንገዱ አለ፣ የጠፋው ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ነገርኩት። «ፒንግ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ኧረ ማይክ ሙስ ፒንግን እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው እኮ ኔትወርኩ አስቸግሮት ምን እንደነካው ለማወቅ ብሎ ነው! ለዚሁ የተሠራ ነገር ነው! ያን ቀን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ኮርሶቹም ላይ ቅሬታ አለኝ፣ አልደብቅም። የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ባስ፣ ሪንግ፣ ስታር የሚባሉትን ቶፖሎጂዎች፣ የኔትወርክ አያያዝ ቅርጾችን፣ መሳል ነው። ማንም ግን ቤታችን ያለው ሳጥን አንድ ሆኖ ብዙ ነገር እንደሆነ አልነገረኝም። ኬብል የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ስዊች ናቸው። አንቴናው አክሰስ ፖይንት ነው። ወደ ውጭ የሚያሻግረው ራውተሩ ነው። አድራሻ የሚያከራየውም እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። ይሄን ያየሁ ቀን ስንት ነገር ተገለጠልኝ መሰላችሁ! ዋይፋይ ሌላ፣ ኢንተርኔት ሌላ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ነው ማለት ከግድግዳው ሳጥን ጋር በደንብ ትሰማማለህ ማለት ብቻ ነው። ከሳጥኑ ወዲያ ያለውን አይነግርህም።

የሜጋቢቱን ነገርማ ተዉት። 100 ሜጋ ተብሎ 12 ለምን ያሳያል ብዬ ስጠይቅ «ኮምፒውተርሽ አሮጌ ነው» ተባልኩ። ለስምንት ማካፈል ነው እኮ! ፍጥነቱ በቢት ይነገራል፣ ዳውንሎዱ በባይት ይቆጠራል፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር!

እሺ፣ ወደ ዛሬው። ከሰዓት በኋላ አለቃችን አዲስ ስልክ ይዘው መጡ። እሳቸውም አልሠራላቸውም። ያኔ እንዴት እንደተነሳ ብታዩት! ስክሪኑ ላይ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩን ከፈተ። ከኋላው ቆሜ አየሁ። የሚከራየው አድራሻ የመጨረሻ ቁጥሩ ከ50 እስከ 250 ነው፣ 201 ብቻ። ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ብዙዎቹ የማናውቃቸው ስልኮች ናቸው፤ ሐሙስና ዓርብ ስልሳ ሰው ለስልጠና መጥቶ ነበር አሉ። የኪራዩ ጊዜ ስምንት ቀን ነው። ሰዎቹ ዓርብ ማታ ቤታቸው ገብተዋል፣ አድራሻዎቹ ግን እስካሁን በስማቸው ናቸው። እኛ ሰባ ነን፣ ሁላችንም ላፕቶፕና ስልክ አለን፣ ያ ብቻ 140 ነው። የሰባ ሰውና የእንግዶቹ ተደምሮ ያልሞላ ምን ይሙላ? የኔ ኪራይ ዕረፍት ላይ ሳለሁ አለቀ፣ ለሌላ ተሰጠ። አጠገቤ ያሉት በየቀኑ ስለሚመጡ ሳያልቅባቸው እያደሱ ቆዩ። እነሱ ሲሠራላቸው እኔ ጠዋቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ የዋልኩት ለዚህ ነው።

የእንግዶቹን ከዝርዝሩ ሰረዘ። የኔም የአለቃችንም ወዲያው ሠራ። «ትንሽ የዲኤችሲፒ ነገር ነበረች» አላቸው። ወደኔ ዞር አላለም። ጠዋት አድራሻ አላገኘም ስለው የሳቁት ሰዎችም ምንም አላሉም። እኔ ይቅርታ አልፈልግም፣ እውነቴን ነው። ጠዋት አንዴ ስክሪኔን ቢያይልኝ ይበቃኝ ነበር።

ልሄድ ስል አላስችል አለኝና ተመለስኩ። «ስምንት ቀኑን አታሳጥረውም? ለእንግዶች አንድ ቀን ይበቃ የለም እንዴ?»

«ሪስታርት አድርጊ አልኩሽ አይደል? ይኸው ሠራ» አለኝ። መስኮቱን ዘጋው። ሲዘጋው አይቻለሁ፤ ስምንት ቀኑ ስምንት ቀን እንደሆነ ነው።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ስልጠና አለ። ሰማንያ ሰው ይመጣል ተብሏል።