«ከፍዬ ነው የመጣሁት» ጀልባ ላይ አይሠራም

በጋራ በሚከራይ የስኩባ (አየር በሲሊንደር ይዞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ጀልባ ላይ አንድ ሰበብ ደጋግሞ ይሰማል፤ «ከፍዬ ነው የመጣሁት»። የመነሻ ሰዓቱን አሳልፎ የመጣው ይህን ይላል። ዕቃውን በሰው መቀመጫ ላይ የዘረገፈውም ይህንኑ ይላል። ውጡ ከተባለበት ሰዓት በላይ ውኃ ውስጥ የቆየውም እንደዚሁ። መክፈሉ እውነት ነው። የከፈለው ግን ለአንድ ሰው ቦታ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ ያንኑ ያህል ከፍለዋል።

ነገሩ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ። መሬት ላይ ነውር ተብሎ የሚታለፍ ነገር ጀልባ ላይ ሰው ይጎዳል። የጠላቂዎች ጨዋነት ከደኅንነታቸው አይነጠልም የምለው ለዚህ ነው።

ሲሊንደሩን ውሰዱ። ሙሉ የአየር ሲሊንደር ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጀልባ ደግሞ ይወዛወዛል። ሲሊንደሩን ሳያስር አቁሞ ፎቶ ለመነሳት የሄደ ሰው የጎረቤቱን እግር ለአደጋ አጋልጧል። ማሰሪያ ከሌለ ማጋደም ነው። ሌላው ዕቃም በአንድ ቦርሳ ሆኖ ከመቀመጫ ሥር ይግባ። ሲሊንደር ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እግሩ ሥር ያለውን በደንብ አያይም፤ መተላለፊያ ላይ በተተወ የእግር መቅዘፊያ ተጠልፎ ይወድቃል። ለካሜራ ብቻ ተብሎ የተቀመጠ የንጹሕ ውኃ በርሜል ካለ ደግሞ ማስክ (የጠላቂ መነጽር) አይነከርበትም። ማስክ ጭጋግ እንዳይዘው ምራቅ ወይም ሻምፖ ይቀባል፤ ያ ሁሉ በሰው ካሜራ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን በቅንነት የተዘረጋ እጅ ነው። «ልርዳህ» ብሎ፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ የሌላውን ሲሊንደር ቫልቭ (የአየሩን መክፈቻና መዝጊያ) የሚነካ ሰው አለ። ድሮ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሩብ ዙር መመለስ የተለመደ ነበር። ይህ ልማድ ያልለቀቀው ሰው አቅጣጫው ይምታታበታል። የተከፈተውን ቫልቭ ዘግቶ ሩብ ዙር ብቻ ይከፍተዋል። ጀልባው ላይ ምንም አይታወቅም። አየሩ ይመጣል፤ የአየሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅም ሙሉ ሊያሳይ ይችላል። 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ግን ግፊቱ ከላይኛው 4 እጥፍ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚሳበው አየርም የዚያኑ ያህል ይበዛል፤ በጠባቧ ክፍተት በቂ አየር አያልፍም። ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባውም። ስለዚህ የሰው ዕቃ ሳይጠየቁ አይነካም። ተፈቅዶላችሁ ከነካችሁም ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩት። ባለቤቱም ከመዝለሉ በፊት ጌጁን እያየ ራሱ በሬጉሌተሩ (አፍ ላይ በሚያዘው መተንፈሻ) ደጋግሞ ይተንፍስ። በሳበ ቁጥር መርፌው ወደ ታች ከወረደ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም ማለት ነው።

ከመጥለቅ በፊት ገለጻ ሲሰጥ የሚያወሩም አሉ። «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ቦታውን ያውቁት ይሆናል። የውኃው ፍሰት ዛሬ ወዴት እንደሆነ ግን አልሰሙም፤ ጎረቤታቸውም እንዳይሰማ አድርገዋል። ፍሰት ባለበት ቦታ ደግሞ ቡድኑ አብሮ ነው የሚገባው። አምስቱ ገብተው ስድስተኛው ገና ማስኩን ሲፈልግ፣ የገቡትን ውኃው እየወሰዳቸው ነው።

አሁን ወደ ስም ጥሪው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ፣ ቶም እና አይሊን ሎነርጋን የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ውኃ ውስጥ እያሉ ጀልባው ጥሏቸው ተመለሰ። የሰው ቆጠራው ተሳስቶ ነበር። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዕቃቸው ጀልባው ላይ ሲገኝ ነው። ጥንዶቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። መቁጠር የጀልባው ሠራተኞች ኃላፊነት ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ቆጠራውን የምናበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እኛ ተሳፋሪዎች ነን። ስም ሲጠራ «አለ፣ አለ፣ ሽንት ቤት ነው» የምንል እኛ ነን። ለጓደኛችን የምንፈርም፣ እየተቆጠርን ቦታ የምንቀያየር እኛው ነን። ለራስ ስም ራስ ብቻ ነው መልስ የሚሰጠው። ሽንት ቤት ያለውም ወጥቶ ይታይ። ቢዘገይ ሁለት ደቂቃ ነው።

የውኃ ውስጥ ሰዓትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። 50 ደቂቃ ከተባለ 50 ደቂቃ ነው። አየር ተርፎኛል ብሎ ተጨማሪ ሩብ ሰዓት የቆየ ሰው እሱ ሰላም ነው። ላይ ያለው ካፒቴን ግን ሰውየው ፎቶ እያነሳ ይሁን ችግር ላይ ይሁን በምን ያውቃል?

በተቃራኒው አየሩን ቶሎ የሚጨርስ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ጀማሪ ነው። ሲደነግጥ ብዙ ይተነፍሳል፤ ያለ ነገር ነው። እሱን «በአንተ ምክንያት ቶሎ ወጣን» ማለት ከመዘግየት ሁሉ የከፋ ብልግና ይመስለኛል። እንዲህ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያደርጋል? የጠላቂዎቹ መሪ ስንት አየር እንደቀረው በምልክት ሲጠይቀው 70 ባር (የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ ነው) ቀርቶት 100 ይላል። በብዙ ጀልባዎች ሕጉ 50 ባር ሲቀር ላይ መድረስ ነው። ከዚያ በፊት 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ለደኅንነት 3 ደቂቃ መቆም አለ። በውሸት ቁጥር የሚመራ መሪ ይህን ሁሉ ማስላት አይችልም። ልምድ ያለን ሰዎች ጀማሪው እውነቱን ሳያፍር እንዲናገር ማድረግ አለብን። «ጥሩ አደረግክ፣ በጊዜ ነገርከን» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። ስለ አሮጌ ጃኬቱና ስለ ተከራየው ማስክ ሳይጠይቀን የምንሰጠውን ሌክቸር ደግሞ እንተወው።

ሲወጡም ሥርዓት አለው። መሰላል ላይ ሰው እየወጣ ከሥሩ አይጠበቅም፤ ከነሲሊንደሩ ሊወድቅ ይችላል። ተራው ያልደረሰ ከጀልባው የተዘረጋውን ገመድ ይዞ ራቅ ይበል። ማስኩና ሬጉሌተሩ ጀልባ ላይ እስኪቆም ከፊቱ አይውለቁ። የሚያቅለሸልሸው ካለ ደግሞ ሽንት ቤት ገብቶ አይዘጋ፤ ታፍኖ ይብስበታል። ነፋሱ ከጀልባው ወደ ባሕሩ በሚነፍስበት ጎን ይሂድ። ሌሎቻችን ውኃ እናቀብለው እንጂ አንሳቅበት።

የጀልባ ባለቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ደንበኛ እንዳይቀየም ብለው ዝም የሚሉ አሉ። ስለ ዓሣዎቹ ዓይነት አሥር ደቂቃ ከተወራ፣ ስለ ሲሊንደሩ፣ ስለ መሰላሉና ስለ ስም ጥሪው ሁለት ደቂቃ አይጠፋም። ይህ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት፣ ሁሉም ባለበት ይነገር። ደንብ የጣሰ ሲኖርም ነገሩ በወጣት ሠራተኞች ላይ መጣል የለበትም። ከተሳፋሪው ቲፕ የሚጠብቅ ልጅ ያንኑ ተሳፋሪ መገሠጽ ይከብደዋል። ይህን መናገር ያለበት ካፒቴኑ ነው።