ጋቢ ደርቦ ማላብና የጓንዡ መራራ ሻይ

ደቡብ ቻይና ጓንዡ ከተማ ለሸቀጥ የሚመላለስ ሐበሻ ትኩሳት ሲይዘው «ምች ነው፣ ላብ ካወጣሁት ይለቀኛል» ብሎ ብርድ ልብስ ይደራርባል። የከተማው ሰው ደግሞ ያንኑ ትኩሳት ይዞ ሊያንግቻ (የቅጠል ሻይ) ቤት ይገባና እንደ ኮሶ የሚመር ሻይ ይጨልጣል፤ ሙቀት ያበርዳል ይላል። ወገናችን ይህን አይቶ «ሁለት ሺህ ዓመት ያልተነካ የአባቶች መድኃኒት» እያለ ያወራል። ያልተነካ? ስንት ዘመን ተጨቃጭቀውበት!

መጀመሪያ ነገሩ እንደኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ቻይናዊው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ከ200 በላይ ዘመዶቹ ሁለት ሦስተኛው በአሥር ዓመት ውስጥ እንዳለቁበት፣ ከሟቾቹም አብዛኞቹን የጨረሰው «የብርድ ጉዳት» እንደሆነ ጻፈ። ብርድ በቆዳ ይገባል፣ በላብ ይወጣል። ግን የመድኃኒቱን ልክ ተመልከቱ፦ የቀረፋ ቅርንጫፍ፣ ፒዮኒ የሚባል አበባ ሥርና ዝንጅብል ሦስት ሦስት ሊያንግ (የጥንት ሚዛን)፣ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር ሁለት፣ ጁጁብ የሚባል ፍሬ 12። በለስላሳ እሳት ሰባት ሸንግ (የጥንት መስፈሪያ) ውኃ ሦስት እስኪቀር ይፈላል። አንዱን ሸንግ ጠጥቶ ትንሽ ቆይቶ ትኩስ የሩዝ አጥሚት ማስከተል፣ ሁለት ሰዓት ያህል መሸፈን። ላቡ ገላን ወዛ ካደረገ ይበቃል፣ የቀረው መድኃኒት አይጠጣም። እንደ ውኃ ከወረደ ግን በሽታው አይለቅም። እኛ ዘንድ አንሶላው ካልተጨመቀ መች ላብ ይባላል?

እ.ኤ.አ. የ1641ዱ የቻይና ወረርሽኝ መጣና የላቡ መድኃኒት አልሠራ አለ። ሐኪሙ ዉ ዮውሺንግ በማግሥቱ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ ይህ ብርድ አይደለም፣ በአፍና በአፍንጫ የሚገባ ክፉ አየር ነው አለ። ለየበሽታው የየራሱ አየር አለው፤ በሬው ሲታመም በጉ ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 መጽሐፉን የጨረሰው ሐኪም ዉ ጁቶንግም ብርድ ብርድ ሳይለው የሚግልና የሚጠማ ሰው የሚያሞቅ መድኃኒት ከተሰጠው ይብስበታል ብሎ ሌላ ቅመም አዘጋጀ፤ ሃኒሰክል የሚባል አበባና ፎርሲትያ የሚባል ፍሬ ያለበት ዱቄት፣ ስድስት ቺየን (ይህም ሚዛን ነው)፣ በእርጥብ የሸምበቆ ሥር ውኃ። ሽታው ገና ሲያውድ ይወርዳል፤ ብዙ ከፈላ ኃይሉ ይለወጣል። (የሚገርመው፣ የዚሁ ሰውዬ መጽሐፍ የመጀመሪያው መድኃኒት ያው የዣንግ ቀረፋ ነው! ብርድ ለሚለው ብቻ።) የጓንዡ መራራ ሻይ ከዚህ ሙቀት ከሚያበርደው ወገን ነው።

ከጓንዡ ብዙም በማይርቀው የሉኦፉ ተራራ የኖረው ሐኪም ጌ ሆንግ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ለወባ ያዘዘው አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ የሚባል ቅጠል፣ ሁለት ሸንግ ውኃ፣ ጨምቆ መጠጣት ነው። አፍሉ አላለም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮውዮው እ.ኤ.አ. በ1971 የወባውን መድኃኒት ከቅጠሉ በኤተር (በሚያሟሟ ፈሳሽ)፣ በዝቅተኛ ሙቀት ያወጣችው ከዚያች መስመር ተነስታ ነው። ጤና ጣቢያችን የሚታደለው የወባ ክኒን ኮአርተም የዚያ ቅጠል ልጅ ነው። ምች እየተባለ ጋቢ ሥር የሚያልበው ወባማ ለጊዜው ቀለል ብሎ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ ደም መመርመር እንጂ መሸፈን አያድነውም።

ዳማከሴም ሳይፈላ ይጨመቃል። ስንት ቅጠል? ለስንት ዓመት ልጅ? ላቡ የት ሲደርስ ይቁም? የደብተራው ብራና ላይ ቢኖርም ምስጢር ነው። እናቶችን ብትጠይቁ፦ «እፍኝ አድርገህ ጭመቅና በቡና ጠጣው፣ ምን ያጨቃጭቅሃል!»