ቴአትሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ ቴአትር ይወዳል። ከአዲስ አበባ ታዋቂ ተዋንያን መጡ ከተባለ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። እንግዶቹ ሲመለሱ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል። «ለምን እኛው አንሠራም?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እኛ ባለሙያ አይደለንም። ጊዜስ የት አለና!» ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። ባለሙያ አለመሆን ቴአትር ከመሥራት አግዶ አያውቅምና።

የአማርኛ ቴአትር ራሱ ከአማተር ነው የተነሣው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው፣ አውሮፓን አይተው ተመለሱ። በ1910ዎቹ «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ በአገሩ የቴአትር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በትወና እንጀራ የሚበላ ሰውም አልነበረም። እንስሳትን እያናገሩ የሹማምንቱን ብልሹነት አሳዩ። ቤተ መንግሥቱ ተቆጣ፤ ቴአትሩም ታገደ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት እንኳ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1927 ዓ.ም. ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ኪነት፣ ማለትም በየሰፈሩ የተደራጀ የሙዚቃና የቴአትር ቡድን ነበር። ለፕሮፓጋንዳ መዋሉ አይካድም። ቢሆንም ከሥራና ከትምህርት በኋላ የሚሰባሰቡ ልጆች መድረክ የለመዱበት ቦታ ነበር፤ ኋላ ስም ያወጡ አርቲስቶችም ወጥተውበታል።

እዚህም ባዶ ሜዳ አይደለም። አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ በዲሲ አካባቢ ጣይቱ የባህል ማዕከልን አቋቁማ ለዓመታት ቴአትርና ግጥም ወደ መድረክ ስታመጣ ኖራለች። ትልቅ ውለታ ነው። ግን ሁሉንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጣል ግፍ ነው። ሲያትልም፣ አትላንታም፣ ፍራንክፈርትም፣ ስቶክሆልምም የየራሳቸው ትንሽ ቡድን ሊኖራቸው ይገባል። ደግሞ ለበዓል በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ድራማ የሚሠሩትን ልጆች ያየ ሰው፣ ተሰጥኦ ጠፋ ሊል አይችልም።

አንድ ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ፦ በኮሚቴ መጀመርን። አራት ሰው ሲሰበሰብ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ እንጽፋለን። በደንቡ እንጣላለን። ቴአትሩ ሳይጀመር ቡድኑ ይፈርሳል። ይልቅ አንድ ሰው ቤት ቡና ይፈላ፣ ድርሰት ይነበብ። ሚናውን እየተለዋወጡ ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ንባብ ላይ ማን እንደሚተውን፣ ማን ማዘጋጀት እንደሚችል፣ ማን መብራትና ድምፅ እንደሚወድ ራሱ ይታያል። ቦታም ያን ያህል አይቸግርም። እዚህ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል በነጻ ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ትኬት መሸጥ ነው የማይፈቅዱት።

ጊዜው እውነትም ይከብዳል። አንዱ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ ሌላዋ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ደብል ትገባለች፣ ሌላው ኡበር ላይ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ተዋናይ ያለበት የሁለት ሰዓት ቴአትር አይታሰብ። ሦስት ሰው፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ክፍል ይበቃል። ቃለ ተውኔቱን በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም መላክ ነው፤ መኪና እየነዱ ይጠናል። ለእያንዳንዱ ሚና ተተኪ ይኑር፤ ሽፍት የተቀየረበት ሰው ሁልጊዜ አይጠፋምና።

ጊዜ ያላቸውን ሰዎች ግን ረስተናቸዋል። የልጅ ልጅ ሊጠብቁ የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ናቸው። ክረምት ሲሆን በር አይከፍቱም፤ ቋንቋው አያግባባቸውም፤ መኪና አይነዱም። ከሁላችንም የጠራ አማርኛ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ ተረቱም፣ ለቅሶውም፣ ሽሙጡም። አንዲት እማማን ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ «ልጅሽ ሥራ ሲሄድ ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ብትሏቸው ድርሰቱ ግማሽ ተጻፈ ማለት ነው። እሳቸውን የሚመስል ተዋናይ ፍለጋ ምን ያደክማል? ራሳቸው ይተውኑት።

የምለው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባውን ኮሜዲ ደግመን ብንሠራ ከባለሙያዎቹ አንበልጥም። ይህን ኑሮ ግን ከእኛ በቀር የሚጽፈው የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ አለ። ለእናቱ «ደህና ነኝ» እያለ ሥራ ካጣ የከረመው ልጅ አለ። በፖለቲካ ተኳርፈው በአንድ ሠርግ ጎን ለጎን የተቀመጡ የድሮ ጓደኛሞች አሉ። ይህን የመጨረሻውን ፈርተን አንለፈው። በስብሰባ ላይ የማንደማመጥ ሰዎች ቴአትር ላይ ጸጥ ብለን እንሰማለን።

ልጆቹም ይግቡበት። እናት በአማርኛ ተናግራ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ያው የየቤታችን ወግ ነውና እንዳለ መድረክ ላይ ይውጣ። ፊደል ለማያነቡት በላቲን ተጽፎ ይሰጣቸው፤ አነጋገሩን ከአያት ጋር እያጠኑ ይይዙታል። አማርኛ ክፍል አልቀመጥም ያለ ልጅ፣ ሰው የሚያጨበጭብለት ሚና ካገኘ ቃሉን ለመያዝ የሚገፋው ሰው አያሻውም።

የሌላ ደራሲ ሥራ ከተመረጠ ደግሞ ደራሲውን ወይም ወራሾቹን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። «ለኮሚዩኒቲ ስለሆነ ምን ችግር አለው?» አይባልም። የመጀመሪያው ትርኢት በነጻ ይሁን። ሃያ ሰው ቢመጣ በቂ ነው። ሲያልቅ መብራቱ ይብራ፣ ሻይ ይቅረብ፣ ተመልካቹ የተሰማውን ይናገር። «እኔም ቤት እንዲህ ሆኗል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚቀጥለውን ድርሰት እሱ እንዲጽፍ እዚያው ጠይቁት።