የትንሣኤ ሌሊት ማን ቤት ይቀራል?

የትንሣኤን ቅዳሴ ሳያስቀድሱ የሚያረጁ ክርስቲያን ሴቶች በመካከላችን አሉ። እምነት ጎድሏቸው አይደለም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾመዋል፤ በሰሞነ ሕማማት ሰግደዋል፤ ዓርብ ስቅለት ጉልበታቸው እስኪንቀጠቀጥ ወድቀው ተነሥተዋል። ቅዳሜ ማታ ግን ዶሮው ይጠብቃቸዋል። ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጧፉን ይዞ ሲወጣ እነሱ ከድስቱ ጋር ይቀራሉ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» የሚለውን የምሥራች የሚሰሙት በድምፅ ማጉያ፣ በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ነው።

በዓሉን ማጣጣሌ አይደለም። ሁለት ወር ግድም የጾመ ቤት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተሰብስቦ ሲፈስክ ማየት እኔም የምወደው ነገር ነው። የሚያሳዝነኝ የዚያ ማዕድ ዋጋ የአንዲት ሴት ቅዳሴ መሆኑ፣ ይህም ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ከቤቱ ሰው አንድም «አንቺስ?» የሚል አለመኖሩ ነው።

ስለ ክርስቲያን ሴት ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ አለባበሷ፣ ስለ አንደበቷና ስለ ትዕግሥቷ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ይነበባል፤ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥታ ለቤቷ ሰዎች ምግባቸውን የምትሰጠው ልባም ሴት ትወደሳለች። ጥሩ ነው። ነገር ግን የምዕራፉ የመጨረሻ ቁጥር ለሴቲቱ የተጻፈ አይደለም፤ በዙሪያዋ ላሉት የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ከእጅዋ ፍሬ ስጡአት ይላል። እስከዚያ ቁጥር ድረስ የሚዘልቅ ስብከት ብዙ አልሰማሁም።

የአገራችን ሴት እምነቷን የምትኖረው በትልልቅ አዋጅ አይደለም። ሊጡን አቡክታ ስትጨርስ በእጇ መስቀል ታማትብበታለች። ለመገበሪያ፣ ማለትም ለቅዳሴው ኅብስት፣ የምትልከውን ስንዴ ፍሬ በፍሬ ትለቅመዋለች። ውዳሴ ማርያሟን የዕለቱን ክፍል፣ ልጆቹ ሳይነቁ፣ ከእሳቱ አጠገብ ቆማ ታደርሳለች። በወር በወሩ የማርያምን ወይም የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ ስታወጣ ጠላውም ዳቦውም በእሷ ጫንቃ ነው። ጾሙም እንደዚያው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ዐቢይ ጾም ተደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ቤቱ የሚጾመው እሷ ሽሮውን፣ ምስሩንና የሱፍ ፍትፍቱን ስለምታሰናዳ፣ ለሕፃናቱና ለታመመው ደግሞ ሌላ ድስት ለብቻ ስለምትጥድ ነው። «ቤታችን ጿሚ ነው» የሚል አባወራ ይህን ቢያስብ ደስ ይለኛል።

የቅዳሜውን ማድ ቤት ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ዶሮዋ ተገነጣጥላ 12 ብልት ትወጣለች፤ ውኃው ጥርት እስኪል በሎሚና በጨው ደጋግማ ትታጠባለች። ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት፣ በቀስታ፣ ለረጅም ሰዓት ይቁላላል። በርበሬው ከገባ በኋላ እንዳያርር ከአጠገቡ መራቅ የለም። ቅቤው ሲያርፍበት መዓዛው ግቢውን ይሞላዋል። ሴቲቱ ግን እየጾመች ነው። ከዓርብ ጀምራ እህል ሳትቀምስ ያከፈለች ብዙ ናት። ስለዚህ ወጡን መቅመስ አትችልም። ጨዉን በሽታ ትገምታለች፤ አለበለዚያ የማይጾመውን ትንሽ ልጅ ጠርታ መዳፉ ላይ ጠብ ታደርግለትና «በዛ? አነሰ?» ብላ ትጠይቀዋለች። የዓመቱን ምርጥ ምግብ በተራበ ሆዷ ሠርታ አንዲት ጠብታ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ የምታድር ሴት ያላት መታቀብ ገዳም ውስጥ ቢታይ ገድል ተብሎ በተጻፈ ነበር። እኔ ከብዙ ስብከት አስበልጬ አከብረዋለሁ። ይህችው ሴት ናት እንግዲህ ቅዳሴው የሚያልፋት።

ወንጌሉ የሚለውን ደግሞ እናስተውል። ወደ ጌታ መቃብር ማልደው የሄዱት ሴቶች ናቸው፤ መግደላዊት ማርያም፣ የያዕቆብ እናት ማርያም፣ ሰሎሜ። እነሱም ሥራ ነበረባቸው። ሽቱና ቅባት ማዘጋጀት ነበረባቸው። ሉቃስ እንደጻፈው አስቀድመው አዘጋጁ፤ በሰንበት ግን እንደ ትእዛዙ ዐረፉ፤ ከዚያም በእሑድ ማለዳ ያዘጋጁትን ይዘው መቃብሩ ደጅ ተገኙ። የእጃቸው ሥራ ወደ ጌታ አደረሳቸው እንጂ ከጌታ አላስቀራቸውም። የትንሣኤን ዜና ከሰው ሁሉ ቀድመው የሰሙትና ለሐዋርያት ያወሩት ስለተገኙ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በትንሣኤው ሳምንት ያለችውን ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ብላ ሰይማ ታስባቸዋለች። በስማቸው ቀን የሰየምንላቸውን ሴቶች እያመሰገንን፣ በስማቸው የተጠሩትን ማርያሞችና ሰሎሜዎች በዚያችው ሌሊት እቤት ትተን መውጣታችን ሊከብደን ይገባል።

«ሥራዋ ጸሎቷ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እውነት አለው፤ ለሰው ተብሎ በፍቅር የተሠራ ሥራ እግዚአብሔር ፊት ይደርሳል። ግን ይህን ቃል የሚናገረው ማነው? ሽንኩርት እየከተፈች ያለችው ስትለው ምስክርነት ነው። ከቅዳሴ ተመልሶ ለመብላት የተቀመጠው ሲለው ግን ማምለጫ ይሆናል። ማርታም ጌታን እንግድነት ተቀብላ ስታገለግል ነበር፤ ጌታም ማገልገሏን አልነቀፈም። በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው የነገራት፤ ማርያም የመረጠችው በጎ ዕድልም ከእርሷ እንደማይወሰድባት አስረግጦ ተናገረ። ይህ ቃል ለእኔ የቤት ሕግ ነው፤ በጌታ እግር ሥር የመቀመጥ ዕድል ከሴት ላይ አይወሰድም። ማርታ «እኅቴ እንድታግዘኝ ንገራት» ስትል የጠየቀችው እርዳታ ደግሞ ዛሬም መልስ ይፈልጋል። በእኛ ቤት ሊመልሱት የሚችሉት ባልና ወንዶች ልጆች ናቸው።

ለወንዶቹ ደግሞ ከሐሙስ የበለጠ አስተማሪ የለም። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ታጥቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ጌታና መምህር ሲሆን እግራቸውን ያጠበው ጌታ «እናንተም እርስ በርሳችሁ ልትተጣጠቡ ይገባችኋል» ማለቱ ይነበባል። በሐሙስ እግሩን ታጥቦ ጉልባኑን ቀምሶ የገባ ወንድ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ሽንኩርት መላጥ ቢያቅተው፣ የሐሙሱ ሥርዓት የት ቀረ? «ወንድ ማድ ቤት አይገባም» የሚለው ባህል ከወንጌሉ የመጣ አይደለም፤ ከወንጌሉ ጋር አብሮም አይሄድም።

ጣቴን ወደ ወንዶች ብቻ አልቀስርም። «ምራቴ የበዓል ድስት ጥላ ወጣች» ብላ የምታማው አማት ሴት ናት። የጎረቤቷን የዶሮ ወጥ ቀለም እያየች የምትመዝነውም ሴት ናት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በብዙ የከተማ ቤት የቅዳሜውን ሌሊት ከድስቱ ጋር የምታድረው እመቤቲቱ ሳትሆን የቤት ሠራተኛዋ ናት። እመቤቲቱ አስቀድሳ ስትመለስ በሩን የምትከፍተው፣ ውኃ የምታስታጥበው፣ የምታቀርበው ያቺ ልጅ ናት። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ አገራቸው ሳሉ ከእናታቸው ጋር ሲያስቀድሱ ያደጉ ልጆች ናቸው። ከተማ ከገቡ ወዲህ የደብሩን ደጃፍ የሚረግጡት ሱቅ ሲላኩ መንገድ ላይ ተሳልመው ሲያልፉ ብቻ የሆነባቸው አሉ።

የሰንበት ትእዛዝ ገረዲቱን በስም ጠርቷታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ ብሎ ይቆጥራል። ዘዳግም ምዕራፍ 5 ላይም ሎሌህና ገረድህ «እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» ይላል። እንደ አንተ! ስለዚህ ሠራተኛዋን ሰባቱንም ቀን አሠርታ ሰንበትን አከበርኩ የምትል እኅት ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን ጓዳዋ ውስጥ እያፈረሰች ነው። የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይደነግጋል፤ በሰው ቤት የሚሠሩትን ግን በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ ከወሰኑ ውጭ ትቷቸዋል። ሕጉ ባያስገድደን ትእዛዙ ያስገድደናል።

ይህን ሳስብ ቤሩትና ዱባይ ያሉት እኅቶቻችን ይመጡብኛል። ፓስፖርቷ ተይዞባት፣ የዕረፍት ቀን ተከልክላ፣ ዐቢይ ጾምን በሰው ማድ ቤት ሥጋ እየጠበሰች የምትጾም ልጅ ታሪክ ሲነገር እናለቅሳለን፤ ተገቢም ነው። አሠሪዋ እሑድ ለቅቃት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር «እልል» ስትል የሚሰማትን እፎይታ ከእነሱ አንደበት የሰማን እናውቃለን። ታዲያ እዚህ አዲስ አበባ፣ በእኛው ጣሪያ ሥር ያለችው ልጅ ያንኑ እሑድ ስትጠይቅ «ዛሬ እንግዳ አለብኝ» ማለታችን ምን ይባላል? ያቺን ልጅ ወደ ዓረብ አገር ከሚገፏት ነገሮች አንዱ፣ እዚህም ከደመወዝ ሌላ ክብር ማጣቷ መሆኑን አምናለሁ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ወጡ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት በብዙ እጅ ተጀምሮ እስከ አመሻሹ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማሞቅ እንጂ መሥራት አይቀርም። ቤት መጠበቅ ግድ ከሆነ በየዓመቱ ተራ ይሁን፤ ተራው ለአባወራውም ይድረሰው። የዶሮው ወጥ እንቁላልና ቅመም ባይሟላ፣ ድፎ ዳቦው ከዳቦ ቤት ቢገዛ በዓሉ አይፈርስም። የንስሐ አባቶቻችን በበዓል ጠበል ሊረጩ ሲገቡ ስለ ጾሙ ብቻ ሳይሆን ከቤቱ ማን እንዳስቀደሰ፣ ማን እንደቆረበ፣ ሠራተኛዋስ መቼ እንደምትሄድ ቢጠይቁ ለውጡ ፈጣን ነው፤ የእነሱን ቃል ለመግፋት የሚደፍር ቤት ጥቂት ነውና።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ እኅቶቼ ደግሞ ደላላው ፊት ደመወዝ ስትነጋገሩ ሰንበትንም አብራችሁ ተነጋገሩ። እሑድ ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ጀምራ ቅዳሴው እስኪያልቅ ወጥታ እንደምትገባ፣ ከሰዓት በኋላውም የራሷ እንደሆነ፣ በዐበይት በዓላት የሌሊቱን ቅዳሴ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ። ሃይማኖቷ ሌላ ከሆነም የእሷ የጸሎት ቀን ዓርብ ይሁን ሌላ፣ ያው መብት ይጠበቅላት። ነጠላ ከሌላት ግዙላት።