«እንትን» ስትል የፈለገችው መስገጃዋን ነበር

አክስቴን ስትሮክ ከመታት በኋላ የቀራት አንድ ቃል ነው፤ «እንትን»። ደሴ፣ ሸዋ በር ባለው ቤቷ ተኝታ ቀኑን ሙሉ «እንትን፣ እንትን» ትላለች። ውሃ እናመጣለን፤ አይደለም። ጋቢ እንደርባለን፤ አይደለም። ሽንት ቤት እንወስዳታለን፤ እሱም አይደለም። መጨረሻ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች።

ሊጠይቅ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ጆሮዋ የተደፈነ ይመስል ይጮህባታል። ሌላው እሷው ፊት «አእምሮዋን ስታለች» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የአብዛኛውን ሰው ቋንቋ የሚመራው የግራው የአንጎል ክፍል ነው። ቀኝ እጅና እግርን የሚያዘውም እሱ ነው። ለዚህ ነው ቀኝ ጎን ሲያዝ ብዙ ጊዜ አንደበትም አብሮ የሚያዘው። አክስቴ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ አንድ በአንድ ታውቃለች።

እስክሪብቶ ሰጠናት፤ አልሆነም። ለካ መጻፍም ከንግግር ጋር አብሮ ይጎዳል። ጎግል ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ አማርኛ ሲነገረው ይጽፋል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ የፓርኪንሰን ታማሚ ትልቅ ነገር ነው። አንደበቷ ለተያዘ ሴት ግን ምን ያደርግላታል?

መላውን ያመጣችው ሰባተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጇ ናት። የብስኩት ካርቶን ቆርጣ ስድስት ሥዕል ሣለችበት፤ ጀበና፣ ውሃ፣ ጋቢ፣ ሽንት ቤት፣ ስልክ፣ መስገጃ። አክስቴ የግራ እጇን ጣት ቀስ ብላ መስገጃው ላይ አሳረፈች። ለካ አልጋዋ ለቂብላ ጀርባውን ሰጥቶ ኖሯል! ሦስት ሳምንት ሙሉ የለመነችን አዙሩኝ ብላ ነው።

እንዲህ ያለ ሰሌዳ በንግግር ሕክምና ሙያ የታወቀ መሣሪያ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሆኪንግ በጉንጩ ጡንቻ እያዘዘ ይናገርበት የነበረው ኮምፒውተርም የዚሁ ዘመድ ነው።

ከሆስፒታል ስንወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ የመድኃኒት ዝርዝርና የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነበር። እንዴት እንደምናነጋግራት ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2014 ዓ.ም እንዳሉት፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 3 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ዊልቸር ውድ ነው፣ ይገባኛል። አንድ ገጽ ሥዕል ግን የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሆስፒታሎች፣ እባካችሁ ስትሮክ የመታው ሰው ሲወጣ ይህችን ገጽ ስጡት። ሥዕሉ የእኛን ቤት ይምሰል፤ መስገጃውም ነጠላውም ይኑርበት። ነርሷ አምስት ደቂቃ ወስዳ ለቤተሰቡ ታስረዳ፤ አትጩሁ፣ አንድ አንድ ነገር ጠይቁ፣ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ ትበላቸው።

አክስቴ ሰሞኑን የካርቶኑን ባዶ ጥግ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ወደ መስኮቱ አየች። ሲከፈት ጦሳ ተራራ ይታያታል። ሰባተኛው ሥዕል መስኮት ሆኗል።